የጠቆረውን ብር በሎሚ አትሹት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና እስኪፈላ ነው። የልጅ ልጄ የስፖርቱን ገጽ ይዞ ይሄዳል፣ የቀረው የኔ ነው። በቅርቡ ስለ ድሮ ገንዘብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጥሩ ነበር። መጨረሻው ላይ ያለችው ምክር ግን ልቤን አደማችው። ቤቱ የቆየ የብር ሳንቲም ያለው ሰው ከመሸጡ በፊት በሎሚና በአመድ ፈትጎ ቢያጸዳው አዲስ ይመስላል፣ ዋጋም ያወጣል ትላለች።

እባካችሁ ይህቺን ምክር አንሷት። የተፈተገ ሳንቲም አዲስ አይሆንም። እንደ አሮጌም አይቆጠርም። ከሁለቱም ይወጣል። ይህን የምለው ሰምቼ ሳይሆን በገዛ እጄ ይዤ ስላየሁት ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነኝ። አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳንቲም በእጄ ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። ስሙኒ፣ ሽልንግ፣ አሥር ሳንቲም። በዚያ ሥራ ላይ ዓይን ተሳፋሪው ላይ ነው፤ ሳንቲሙን የሚያየው ጣት ነው። መልስ የማወጣው ወደ ቦርሳዬ ሳላይ ነበር። ከባንክ የመጣ አዲስ ሽልንግና ብዙ ዘመን የዞረ ሽልንግ በጣት ይለያሉ። አዲሱ ጣት ይይዛል። ያለቀው ያሟልጫል።

1969 የሚሉትን ሳንቲሞች ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በአንድ ወገን የአንበሳ ፊት አለ። በስሙኒው ጀርባ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ ወንድና ሴት፣ በአሥር ሳንቲሙ ጀርባ የደጋ አጋዘን። ሳንቲሙ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የአንበሳው አፍንጫ ነው። ቀጥሎ ጉንጩ ይሄዳል። ከዚያ የጎፈሩ ጸጉር እየተያያዘ አንድ ወጥ ይሆናል። ጽሑፉን ግን ጠርዙ ስለሚከልለው መጨረሻ ድረስ ይቆያል። ከለገሃር አቃቂ ስንመላለስ፣ ተሳፋሪ ሲቀልል፣ ሳንቲሞቹን በመዳፌ ላይ ደርድሬ አያቸው ነበር። የትኛው ብዙ እንደዞረ ከአንበሳው አፍንጫ አውቅ ነበር።

የመታሰቢያ ሳንቲም ነገር የገባኝ ግን በልጄ በኩል ነው። ሜሪላንድ ነው ያለችው። የዛሬ ስምንት ዓመት ለገና ስትመጣ «እማዬ፣ አንቺ ሳንቲም ትወጃለሽ» ብላ አንድ የብር ሳንቲም በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። የአሜሪካ ግማሽ ዶላር ነው። 1893 ይላል። በአንድ ወገን ኮሎምበስ አለ። በሌላው ወገን መርከቡ ሳንታ ማሪያ፣ ከመርከቡ ሥር ሁለት ሉል፣ ከሉሎቹ ግራና ቀኝ ደግሞ 1492 የሚል ቁጥር አለ። አሜሪካኖች ለመታሰቢያ ብለው ካወጧቸው ሳንቲሞች የመጀመሪያው ይሄ ነው። የተሠራው ለቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ሲሆን በፈረንጆቹ 1892 እና 1893 ታትሟል።

ልጄ ያመጣችልኝ ያለቀውን ነው። የኮሎምበስ ቅንድብ የለም። ጉንጩ ልሙጥ ነው። ጸጉሩ ድፍን ሆኗል። የመርከቡ ሸራ ላይ የነበረው እጥፋት ሁሉ ጠፍቶ ሸራው የተተኮሰ ጨርቅ መስሏል። ሉሎቹ ላይ የብሱ ከባሕሩ አይለይም። ቀለሙ ግራጫ ነው፣ ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ። እኔ ግን ገና እጄ ላይ ሲያርፍ አወቅኩት። የትኬት ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩት ሽልንጎች ስሜት ነው ያለው። ይሄ ሳንቲም ተገዝቶበታል፣ መልስ ተሰጥቶበታል።

ይሄ እንዴት ሆነ? ለመታሰቢያ የተሠራ ሳንቲም እኮ ሰው ገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው ነው። ልጄን ጠየቅኳት፣ እሷም ታሪኩን ፈልጋ አነበበችልኝ። ግማሽ ዶላሩ በኤግዚቢሽኑ ላይ የሚሸጠው በአንድ ሙሉ ዶላር ነበር። ማለትም በእጥፍ። መጀመሪያ የታተመውን አንዱን ሳንቲም የጽሕፈት መኪና የሚሸጥ ድርጅት ለማስታወቂያ ብሎ በ10,000 ዶላር ገዝቶታል። ሕዝቡ ግን ሃምሳ ሳንቲምን በመቶ ሳንቲም አልገዛም አለ። በ1893 ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ታትሞ 2 ሚሊዮን ተኩል ያህሉ ተመልሶ ቀለጠ። ከቀረው ብዙው በሃምሳ ሳንቲምነቱ ገበያ ወጣ። ያ ዓመት ደግሞ በአሜሪካ ባንኮች የተዘጉበት፣ ሰው ሥራ ያጣበት ክፉ ዓመት ነበር። መታሰቢያ ብሎ ገዝቶ ያስቀመጠውም ሰው ሲቸግረው አውጥቶ ዳቦ ገዛበት። እጄ ላይ ያለው የኮሎምበስ ጉንጭ ያለቀው እንዲህ ባለ ኑሮ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛውን አመጣችልኝ። ያው 1893፣ ያው ኮሎምበስ። ይሄኛው ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ደረቅ ፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ነው ያለው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያየሁበት ጠዋት አይረሳኝም። በረንዳዬ ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይ ከየረር በኩል ብቅ ስትል ትንሽ ጠረጴዛ አወጣሁ፣ ላዩ ላይ ነጠላ አጥፌ አነጠፍኩ፣ ሁለቱን ሳንቲሞች አስቀመጥኩ። የጠዋት ፀሐይ ለዚህ ጥሩ ናት፣ ከጎን ነው የምትመጣው። ያልተነካውን ከነማቀፊያው አንስቼ ቀስ ብዬ አዘነበልኩት። ብርሃኑ ተንቀሳቀሰ። ከመሃል ወደ ጠርዝ በሁለት ወገን ተዘረጋና ሳዘነብለው አብሮ ዞረ። የሐር ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትራመድ ቀሚሱ ላይ የሚሄደውን ብርሃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ከዚያ ያለቀውን አንስቼ አዘነበልኩት። ብርሃኑ ባለበት ቆመ።

ያ የሚዞረው ብርሃን የሳንቲሙ ወዝ ነው። ከየት እንደሚመጣ ስረዳ ነው የሎሚና የአመድ ነገር እጅግ ያሳሰበኝ። ሳንቲም ሲታተም ብሩ በሁለት የብረት ቅርጾች መሃል በከባድ ጉልበት ይጨመቃል። ያን ጊዜ ብሩ ለቅጽበት እንደ ሊጥ ወደ ዳር ይሳባል። ሲሳብ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን መስመሮች ፊቱ ላይ ይቀራሉ። ወዙን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ኪስ ውስጥ ሲፋተግ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ይጠፋሉ። በአመድ ስታሹት ደግሞ ከፍ ካለውም ከዝቅተኛውም ቦታ በአንዴ ይጠፋሉ። አንዴ ከሄዱ የሚመልሳቸው የለም።

ጥቁረቱም ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ድኙ ከከሰል ጭስ፣ ከእንቁላል፣ ከሽንኩርት፣ ከጎማ ይመጣል። የጠቆረው እዚያው የነበረው ብር ነው። ጥቁሩን ፍቃችሁ ስታነሱ ብሩን ነው የምታነሱት። የጥርስ ሳሙናም ያው ነው፣ ውስጡ ደቃቅ ፈታጊ አለው። ቀስ ብሎ የጠቆረ ብር ዳር ዳሩ ላይ ወርቅማ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። እኔ ከማር ቀለም እስከ ጠይም ወይን ድረስ የሄደ አይቻለሁ፤ እጅግ ያምራል። ሰብሳቢዎችም ይወዱታል።

ብዙ ሰው ገበያ ያልወጣ ማለት እንከን የሌለው ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ያልተነካው የኔ ሳንቲም የኮሎምበስ ጉንጭ ላይ ሁለት ትንንሽ ጭረት አለው። ከሌሎች ሳንቲሞች ጋር በከረጢት ሲጫን የተጋጨው ነው። እኔ ከባንክ አዲስ ሳንቲም በከረጢት ስቀበል እነዚያን ጭረቶች ሁልጊዜ አያቸው ነበር። ሌላም አለ፣ ይሄ ትንሽ ከበድ ይላል። አንዳንዴ ማተሚያው ሳይበረታ ይቀርና ከፍ ያለው ቦታ ገና ሲወለድ ልሙጥ ይሆናል። ታዲያ ያለቀ ነው ወይስ በደንብ ያልታተመ? መለያው ወዙ ነው። ልሙጡ ቦታ ላይ ብርሃኑ ሳይቆረጥ ካለፈ ከማተሚያው ነው። እዚያ ሲደርስ ደብዘዝ ካለ ግን እጅ ነክቶታል። አሜሪካኖች ይህን ሁሉ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ነጥብ ይለኩታል። 60 እና ከዚያ በላይ ገበያ ላልወጣ ነው። 58 ያገኘ ሳንቲም ከሩቅ ሲታይ ከ60ው ጋር መንታ ነው። ልዩነታቸው ጉንጭ ላይ ያለች የአውራ ጣት ጫፍ የማታህል ድብዝዝታ ናት።

አሁን ወደራሴ ታሪክ ልምጣ።

እናቴ ሁለት የምኒልክ ብር ነበራት። ሁለቱም 1889 ይላሉ። ከአድዋ ማግሥት ዓመት ማለት ነው። የታተሙት ፓሪስ ነው። በአንድ በኩል ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ባንዲራ የያዘው አንበሳ፣ ዙሪያውን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ»። አንዱን ብር አንጥረኛ ማንጠልጠያ በይዶለት በአንገቷ ታደርገው ነበር። ሌላውን በጥጥ ጠቅልላ ሙዳይ ውስጥ አስቀመጠችው። እሷ ስታርፍ ሁለቱም ወደ እኔ መጡ።

የሙዳዩ ብር ጠቁሮ ነበር። ግን የአንበሳው ጎፈር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስንት ያወጣል ብዬ ለመጠየቅ ወደ አንድ ወርቅ ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሻይ አዘዘልኝ። እኔ ሻዬን ስጠጣ ብሩን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። «እትዬ፣ አሳመርኩልዎት» አለኝ። በማሽን ወልውሎታል። ብሩ እንደ መስታወት ሆኗል። ፊቴን አየሁበት። የአንበሳው ጎፈር ግን ተድበስብሷል። የፊደሎቹ ጠርዝ ተድቦልቡሏል። ምን እንዳጣሁ ያኔ አላወቅኩም፣ አመስግኜ ወጣሁ። ዓመታት ቆይቶ በረንዳዬ ላይ ሳዘነብለው ነው የገባኝ። ያበራል እንጂ ብርሃኑ አይዞርም። አምፖል ሥር ከጎን ሲያዩት ደግሞ ፊቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ በተሳቡ ጭረቶች ተሞልቷል። እናቴ አርባ ዓመት የጠበቀችው ነገር አንድ ብርጭቆ ሻይ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሄደ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በኋላ ሁለቱን ብሮች ለአንድ ሳንቲም ሰብሳቢ አሳየሁት። የተወለወለውን አንስቶ ወዲያው አስቀመጠው። የአንገቱን ግን ብዙ ጊዜ ይዞ አገላበጠው። እኔም የሱን ዓይን ተከትዬ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። እናቴ አንበሳውን ወደ ውጭ፣ ንጉሡን ወደ ደረቷ አድርጋ ነበር የምታንጠለጥለው። ስለዚህ የምኒልክ ጉንጭና ዘውድ በቀሚሷ ተፈትጎ ልሙጥ ሆኗል። አንበሳው ግን ደህና ነው። ገበያ የዞረ ሳንቲም እንዲህ አያልቅም። እሱ በሁለቱም ወገን እኩል ነው የሚያልቀው። አንድ ወገን ብቻ ያለቀ ብር ካገኛችሁ ማንጠልጠያው ተነቅሎ እንኳ ቢሆን አንገት ላይ እንደኖረ እወቁ። ላዩ ላይ የብየዳውን ጠባሳ ፈልጉ፣ ታገኙታላችሁ። ሰውየው ለዚያኛው ብር ጥሩ ዋጋ ሰጠኝ። አልሸጥኩትም። የእናቴ ደረት ያለሰለሰውን ብር ለማን እሰጣለሁ?

የድሮ ሰው ደግሞ ያለቀና ያላለቀን መለየት ከእኛ የተሻለ ያውቅ ነበር። ማርትሬዛን ውሰዱ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን የድሮ ብር። ንግሥቲቱ በፈረንጆቹ 1780 ሞታ ብሩ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢታተም 1780 ነው የሚለው። ስለዚህ ከዓመተ ምሕረቱ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም። ገበያተኛው የሚያየው ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ ነበር። ዕንቁዎቹ ተቆጥረው ካልወጡ ብሩን አልቀበልም ይል ነበር። አያቴም ብር ስትቀበል መጀመሪያ አውራ ጣቷን እዚያ ላይ ነበር የምታሳርፈው።

የኛን የመታሰቢያ ሳንቲሞች በተመለከተ ነገሩ ይገለበጣል። በ1964 የወጡት የነገሥታቱ የብር ሳንቲሞች፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ዮሐንስ፣ አፄ ምኒልክ፣ ንግሥት ዘውዲቱና አፄ ኃይለ ሥላሴ ያሉባቸው፣ ለገበያ መልስ የተሠሩ አይደሉም። 1970 የሚሉት የዱር እንስሳቱም እንደዚያው። በ25 ብሩ ላይ የደጋ አጋዘን፣ በ600 ብሩ ወርቅ ላይ ዋልያ አለ። እነዚህ ሲገኙ ያልተነኩ መሆናቸው የተለመደ ነው። ያለቀ ከገጠማችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ወይ አንገት ላይ ኖሯል፣ ወይ ሰው በኪሱ ይዞት ዞሯል፣ ወይ ተፈትጓል። እኔን ደስ የሚለኝ ያ አጋዘን ነው። ባለ 25 ብሩ ላይ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። በአሥር ሳንቲሙ ላይ ደግሞ በኔ ቦርሳ ከለገሃር አቃቂ ሲመላለስ ቀንዱ አልቋል። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ነው አጋዘኑን ሙሉ የሚያየው።

ለዚህ ነው ለአንባቢው «አዲስ ይመስላል» ብላችሁ መጻፋችሁ ያስቆጨኝ። ያለቀ ሳንቲም አዲስ እንዲመስል መሞከር የለበትም። የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ያልተነካው ቀራጩ ምን እንደሠራ ይነግረናል፣ እያንዳንዱን የሸራ እጥፋት፣ እያንዳንዱን የጎፈር ጸጉር። ያለቀው ሰው ምን እንዳደረገበት ይነግረናል። የተወለወለው አንዱንም አይነግረንም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት አውጡ። ሰው ብሩን እንዳለ ይተወው በሉ። ሲይዘው በጠርዙ ይያዝ፣ ፊቱን በጣቱ አይንካ። ላብ በጊዜ ብዛት የጣት አሻራ ሆኖ ይቀራል። ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ውስጥ አያስቀምጠው፤ እሱ ቆይቶ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያመጣል። በጎማ ላስቲክም አይሰረው። ጋዜጣም አይጠቅልልበት፣ ጋዜጣ ብር ያጠቁራል። ማጽዳት ግድ ከሆነ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነክሮ አቧራውን አስለቅቆ፣ ሳያሽ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ውኃውን ያንሳው። ከዚያ በላይ ምንም አያድርግ።

ፎቶ ካስፈለጋችሁ ሁለቱን ኮሎምበሶችና ሦስቱን ብሮች፣ የተወለወለውን ጨምሬ፣ ላሳያችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ሦስተኛው ብር የአያቴ ማርትሬዛ ነው። ፎቶ አንሺያችሁ ግን በብልጭታ አያንሳ። ብልጭታ ፊት ለፊት መጥቶ ወዙን ይገድለዋል፣ የተወለወለውንና ያልተነካውን አንድ ያስመስላቸዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይምጣ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ በረንዳዬ ላይ በጎን ትገባለች፣ ጠረጴዛውን አውጥቼ እጠብቀዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ትኬት ቆራጭ
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ